ፒኤ ስኩል ከማመልከቴ በፊት፦ ደህና የሚከፍለኝን ሥራ ልልቀቅ ወይስ የታካሚ ሰዓት በጎን ልሙላ?

የደሴ_ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከአባቴና ከወንድሜ ጋር በዲቪ መጥተን፣ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ በባዮሎጂ ዲግሪ ይዣለሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ፋርማሲ ቴክኒሻን ሆኜ ሙሉ ጊዜ እሠራለሁ። በሰዓት 23 ዶላር ነው፤ ኢንሹራንስ አለው፤ መግቢያና መውጫዬ የታወቀ ነው። ኪራዩን ሦስታችን እንጋራለን። ደሴ ላሉት አያቴ በየወሩ የምልከው አለ፤ እሱ ምንም ቢመጣ የሚቀር አይደለም።

ፒኤ (ፊዚሽያን አሲስታንት፣ ከሐኪም ጋር ሆኖ የሚያክም ባለሙያ) መሆን የምፈልገው ከልቤ ነው። የትምህርት ቤቶቹን ዌብሳይት ሳነብ አንዱ 500 ሰዓት ይላል፣ ሌላው 1,000፣ ሌላው 2,000። የፋርማሲውን ሰዓት ግን አብዛኞቹ የሚይዙት «ጤና ነክ ልምድ» ብለው እንጂ «የታካሚ እንክብካቤ ልምድ» ብለው አይደለም። ሆስፒታል ፒሲቲ (የታካሚ እንክብካቤ ቴክኒሻን) ሆኜ ልግባ ብል የሚሰጡኝ 19 ዶላር ነው። ታክሱ ሳይነካ በወር ወደ 700 ዶላር ይጎድልብኛል ማለት ነው።

ጂፒኤዬ 3.3 ነው፤ የሳይንሱ ለብቻው 3.1። አሁን ኦክቶበር ነው፤ ማመልከቻው ኤፕሪል መጨረሻ ይከፈታል። ሥራውን ለቅቄ ፒሲቲ ልሁን? ሥራዬን ይዤ ቅዳሜና እሑድ ሲኤንኤ (ነርስ ረዳት) ሆኜ ልሥራ? ወይስ ነጻ ክሊኒክ ሄጄ በበጎ ፈቃድ ሰዓት ልሙላ? ያለፈበት ሰው ቢመክረኝ።

ድንገተኛ_ክፍል

እህቴ እንኳን ጻፍሽ። ድንገተኛ ክፍል ፒኤ ሆኜ እሠራለሁ፤ ከትምህርቱ በፊት ፒሲቲ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሰዓቶቹን እንለያቸው። ካስፓ (የፒኤ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ) ላይ የሥራ ልምድሽን ስትሞዪ ሳጥኖቹ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ለታካሚው እንክብካቤ በቀጥታ ኃላፊነት የነበረብሽ ሥራ ነው። ሌላው ጤና ተቋም ውስጥ ወይም ጤና ነክ ቦታ ሆነሽ ታካሚው ግን በእጅሽ ያልነበረበት ነው። መድኃኒት መሙላትን፣ የቢሮ ሥራን፣ ለታካሚ ምግብ ማድረስን ካስፓ ራሱ ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰው በሁለተኛው ሳጥን ነው። ስክራይብም (ለሐኪሙ ማስታወሻ የሚጽፈው) እዚያ ነው፤ ወደ መጀመሪያው የሚወስዱት ትምህርት ቤቶች ግን አሉ። ሲኤንኤ እንኳ እንደ ሥራ ዝርዝሩ ይታያል። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የትምህርት ቤቱ ነው። ልታመለክቺባቸው የምታስቢያቸውን ለይተሽ ለእያንዳንዱ አድሚሽን ቢሮ በኢሜይል ጻፊ፤ መልሱንም አስቀምጪው።

አሁን ሒሳቡ። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት ወደ 2,000 ሰዓት ይሞላል። ቅዳሜና እሑድ 12 12 ሰዓት የሚሠራ በሳምንት 24፣ በዓመት ወደ 1,200። በሳምንት አንድ የ12 ሰዓት ሺፍት ከሆነ 600። ካሁን እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ያለው 28 ሳምንት አካባቢ ነው፤ ከዚህ ላይ ሥልጠናና ቅጥር አንድ ሁለት ወር ይበላሉ። ይህን ስታዪ፣ ሥራሽን ዛሬ ብትለቂ እንኳ በሚመጣው ኤፕሪል 2,000 አይሞላልሽም። ካስፓ ላይ የሚጻፈው የተሠራ ሰዓት ነው፤ «እሠራለሁ» ብለሽ የምታስቢው አይቆጠርም።

ስለዚህ በእኔ እይታ «ልልቀቅ ወይስ አልልቀቅ» ከሚለው በፊት «በየትኛው ዙር ላመልክት» የሚለው ይምጣ። የሚመጣውን ኤፕሪል ትተሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ከያዝሽ 18 ወር አለሽ። ሥልጠናና ቅጥር የሚበሉት ተቀንሶ እንኳ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ሠርተሽ ወደ 1,600 ሰዓት መድረስ ትችያለሽ፤ የፋርማሲው ደመወዝም ሳይነካ።

ሒሳብ_ይቅደም

ከላይ የተጻፈው እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ገንዘቡ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ ሰዓት ሲያወራ ይሄ ይረሳል።

ፒኤ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 27 ወር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሥራ አትሥሩ ይላሉ፤ የማይከለክሉትም አጥብቀው ይመክራሉ። ክላሱ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ ክሊኒካል ሮቴሽን (ሆስፒታል እየዞሩ የሚሠሩት ልምምድ) ሲጀመር ደግሞ ጭራሽ ጊዜ የለም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ ገቢ የለሽም። አያትሽ ግን በየወሩ ይጠብቃሉ።

ብድሩም ተቀይሯል። በ2025 የወጣው ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለውን ብድር ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቶታል። ድሮ ትምህርት ቤቱ ያወጣውን ወጪ በሙሉ መበደር ይቻል ነበር። በአዲሱ ሕግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የፌደራል ብድር በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000 ነው። «ፕሮፌሽናል» ተብሎ ለተመደበ ፕሮግራም በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000። ፕሮግራሙ በየትኛው እንደሚያዝ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ፋይናንሺያል ኤድ ቢሮ ጠይቂ፤ ልዩነቱ ሕይወት ይቀይራል። የቀረውን በግል ባንክ መበደር ማለት የአባትሽን ወይም የወንድምሽን ክሬዲት ማስያዝ ነው።

በዚህ ምክንያት 23 ዶላሩን አትልቀቂ እላለሁ። ለሁለት ዓመት ተኩል የሚሆን የኪራይና የአያትሽ ገንዘብ ካሁኑ አስቀምጪ። እቁብ ካለሽ የትምህርቱ መጀመሪያ አካባቢ እንዲደርስሽ ተነጋገሪ። ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የሚባለውንም እይው፤ ሐኪም በሌለበት አካባቢ ለማገልገል ለሚፈርሙ የፒኤ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ ግዴታው ቢያንስ 2 ዓመት ነው።

የማታ_ሺፍት

እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፤ በሚቀጥለው ዙር አመለክታለሁ። በገንዘቡ በኩል ወንድማችን ትክክል ነው። ነገር ግን ሰዓት ዝም ብሎ ቁጥር እንዳይመስልሽ እፈራለሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዙር አለን። ራሳቸው መገላበጥ የማይችሉ ታካሚዎችን በየ2 ሰዓቱ ጎን እናስቀይራለን። አንድ ሌሊት አንዲት እናትን ሳዞር ተረከዛቸው ላይ ቀይ ነገር አየሁ። በጣቴ ጫን ስለው ቅላቱ አልጠፋም። ቆዳው ገና አልተቀደደም፤ ግን የመኝታ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው። ነርሷን ጠራኋት፤ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከእግራቸው ሥር ትራስ አደረግን፤ መዝገብ ላይ ጻፍን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ስቀይር ተረከዝ ሳላይ አላልፍም። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፤ እጄ ያወቀው ግን ያን ሌሊት ነው።

ኢንተርቪው ላይ የሚጠይቁሽ እንዲህ ያለውን ነው። ስንት ሰዓት ሠራሽ ብለው ቁጥሩን ወረቀትሽ ላይ ያዩታል፤ ፊት ለፊት ግን ስለ አንድ ታካሚ ንገሪን ነው የሚሉት። ስለዚህ የበጎ ፈቃዱን ነገር ለብቻው አትያዢው። ነጻ ክሊኒክ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ቦታ የሚሰጡሽ ፎርም ማስሞላትና ወረፋ ማስያዝ ነው። የተከፈለበትን ሰዓት ብቻ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ።

ስለ ሜሪላንድ አንድ ነገር፦ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ሲኤንኤ ብቻውን አይበቃም፤ ጂኤንኤ (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) የሚባለው ይጨመራል። ኮርስ ስትመዘገቢ ሁለቱንም የሚያስጨርስሽ መሆኑን ጠይቂ። ሥራው ከባድ ነው፤ ወገብሽን ጠብቂ። ብቻሽን ሰው አታንሺ፤ «ቶሎ በይ» ቢሉሽም ሁለተኛ ሰው ጥሪ።

ፒኤ_ሁለተኛ_ዓመት

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ የሳይንስ ጂፒኤ 3.1።

የደሴ ልጅ፣ ይሄ ሰዓት ከመሙላት በፊት የሚታይ ነው። ፋርማሲ 40፣ ቅዳሜና እሑድ 24፣ በድምሩ 64 ሰዓት ሠርተሽ ባዮኬሚስትሪ ብትወስጂ የምታመጪው ሲ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሲዋ ደግሞ አትፋቅም። ካስፓ ደግመሽ የወሰድሽውን ኮርስ ሁሉ ይቆጥራል፤ ኮሌጅሽ የድሮውን ቢሰርዝልሽም ካስፓ ሁለቱንም ነው የሚደምረው።

ስለዚህ የድሮውን ከመድገም አዲስና ከፍ ያለ ሳይንስ ወስዶ ኤ ማምጣት ይሻላል፤ መስፈርቱ ላይ ሲ ማይነስ የመሰለ ነገር ካለብሽ ግን ያንን መድገም ግዴታ ነው። ለምሳሌ እስካሁን 60 የሳይንስ ክሬዲት በ3.1 ካለሽና 12 ክሬዲት በሙሉ ኤ ብትጨምሪ 3.25 ትደርሻለሽ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የመጨረሻዎቹ ክሬዲቶችሽ ሁሉ ኤ መሆናቸውን የሚያነብ ሰው አቅጣጫሽን ያያል። ማይክሮባዮሎጂና አናቶሚ ስንት ዓመት እንደሆናቸውም እዪ፤ ከ5 ወይም ከ10 ዓመት ያለፈ ኮርስ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ።

እኔ ጋ የነበረው አሠራር በሳምንት 30 ሰዓት ሥራና አንድ ክላስ ነበር። ከዚያ በላይ ሁለቱም ይበላሻሉ ብዬ ነው የማምነው።

ሒሳብ_ይቅደም

በ30 ሰዓት ኪራይ የሚከፍል ሰው ግን ማን ነው? አባትና ወንድም ያለው ሰው ይችል ይሆናል። ብቻውን የመጣስ?

ፒኤ_ሁለተኛ_ዓመት

ብቻውን የመጣ ሰው ሁለት ዓመት የነበረውን ሦስት ያድርገው ነው የምለው። አንድ ዓመት መዘግየት ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ሁለት ዙር ከፍሎ ከመመለስ ይሻላል። የካስፓ ክፍያ ራሱ ቀላል አይደለም፤ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት ወደ 180 ዶላር፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ወደ 60 ነው። አሥር ቦታ ስታመለክቺ ቁጭ ብለሽ ደምሪው። ብዙዎቹ ላይ ትምህርት ቤቱ የራሱን ሁለተኛ ፎርም በራሱ ክፍያ ይጨምርበታል። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ክፍያ የሚቀነስበት ፎርም አለ፤ ግን ቀድሞ ነው የሚጠየቀው፤ ካስገባሽ በኋላ አይመለስም።

የጎንደር_ጤና_መኮንን

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔም ጥያቄ አለኝ፤ ክሩን እንዳላበላሽ በአጭሩ ላቅርበው።

ጎንደር ተምሬ ጤና መኮንን ሆኜ በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የወሊድ ችግር፣ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት፤ ሐኪም በሌለበት መርምሬ፣ አዝዤ፣ ሪፈር ጽፌ ነው የኖርኩት። እዚህ ኡበር እነዳለሁ። ዕድሜዬ ከ40 አልፏል። ያ ሁሉ ሰዓት እዚህ ዋጋ አለው? ወይስ ከሲኤንኤ እንደገና ልጀምር?

ድንገተኛ_ክፍል

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ክሩን አያበላሽም፤ እንዲያውም ከጉዳዩ እምብርት ነው።

ይህ ሙያ እዚህ አገር የተጀመረው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዩጂን ስቴድ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ላይ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲከፍቱ የተቀበሏቸው ከባሕር ኃይል የወጡ የሕክምና ረዳቶችን ነበር። ልምዱ አላቸው፣ ዲፕሎማው ግን የላቸውም ተብሎ። በ1969 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሜዴክስ የሚባል የፒኤ ፕሮግራምም እንዲሁ ከጦር ሜዳ የተመለሱ የሕክምና ረዳቶችን ይዞ ነው የተነሳው። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን በማሠልጠን ነው የጀመረው፤ ሐኪም በማይደርስበት የሚያክም ባለሙያ የማውጣት ሐሳብ አገራችን ቀድማ የያዘችው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። አንደኛ፣ አቋራጭ የለም። እዚህ ፒኤ ለመሆን በኤአርሲ ፒኤ እውቅና ካለው ፕሮግራም መመረቅና ፓንስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ የኢትዮጵያው ዲግሪ ብቻውን ለፈተናው አያስቀምጥም። ሁለተኛ፣ ውጭ የተሠራ ሰዓት ካስፓ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የአሜሪካውን ብቻ የሚሉም አሉ። የሚቀበሉትን ለይተው ያመልክቱ። ካስፓ የአለቃ ስምና አድራሻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ካሁኑ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ወይም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቱን አግኝተው በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ያውጡ፤ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ምን ይሠሩ እንደነበር ይጻፍበት። በኋላ ሰዎቹ ይቀያየራሉ፣ ስልኩም ይዘጋል። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆኑ በፈረንጅ አቆጣጠርም ጎን ለጎን እንዲጻፉ ያድርጉ።

ሦስተኛ፣ ትራንስክሪፕትዎ በደብሊውኢኤስ ወይም በመሰል ድርጅት ኮርስ በኮርስ መገምገም አለበት። ብዙ ትምህርት ቤቶች የቅድመ ሁኔታ ኮርሶቹን ከአሜሪካ ኮሌጅ ይፈልጋሉ፤ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ የሚበቃበት ብዙ ነው። ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚጠይቁም አሉ።

ሲኤንኤ ይጀምሩ አልልዎትም ማለት አይደለም። ጥቂት መቶ የአሜሪካ ሰዓት ቢኖርዎ የእዚህን ሥርዓት እንደሚያውቁ ያሳያል፤ የእዚህ አገር ሰው የሚጽፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤም ይገኛል። ግን ዋናው ጉልበትዎ ጤና ጣቢያ የሠሩት ነው፤ እሱን በደንብ ይጻፉት።

የጎንደር_ጤና_መኮንን

እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ አስጀምራለሁ፤ የቀድሞው ኃላፊ አሁን ዞን ላይ ነው፤ ስልኩ አለኝ።

አስተርጓሚዋ

እኔ ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። ብዙ ሰው «አንቺማ ታካሚ ጋ ነሽ፣ ሰዓትሽ ይቆጠራል» ይለኛል። አይደለም፤ ወደ ሁለተኛው ሳጥን ነው የሚገባው፤ ምክንያቱም የእኛ ሥራ የሁለቱን ንግግር ማድረስ እንጂ ምክር መስጠት አይደለም።

ግን የሚያስተምረውን ልንገራችሁ። አንዲት ትልቅ ሴት ዶክተሩ የሚናገረውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ዶክተሩ ጥያቄ አለዎት ወይ አላቸው፤ የለኝም አሉ። ልንወጣ ስንል እጄን ይዘው «ልጄ፣ የጧቱ ኪኒን ከቁርስ በፊት ነው በኋላ?» አሉኝ። እኔ መመለስ አይፈቀድልኝም። ዶክተሩን መልሼ ጠራሁትና ጥያቄያቸውን ነገርኩት። ሁለተኛ ጊዜ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ጠርሙስ በእጁ እያነሳ አሳያቸው። ሐኪሙ ዞሮ ባይመለስ ቤታቸው ገብተው ምን ያደርጉ ነበር የሚለው እስካሁን ያሳስበኛል።

ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ይህን ማመልከቻው ላይ ሊያነሳው ይገባል። ጎን ለጎን ለመሥራትም ይመቻል፤ በስልክና በቪዲዮ የሚሠራ አለ፤ ሰዓቱን ራስሽ ትመርጫለሽ። ሲሲኤችአይ (የጤና አስተርጓሚዎችን የሚመዝነው ድርጅት) የሚሰጠው መሠረታዊ ሰርተፊኬት ለአማርኛ አስተርጓሚም ክፍት ነው። የታካሚ ሰዓትሽን ግን በሌላ ሥራ ሙዪ።

የሁለት_ልጆች_እናት

ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ማንም አልጠቀሰም። እኔ የዲያሊስስ ቴክኒሻን ነኝ። ቀጣሪው ራሱ ደመወዝ እየከፈለ አሠልጥኖኛል፤ ከተቀጠርሽ በ18 ወር ውስጥ ሰርተፊኬት ማግኘት በፌደራል ደንብ ግዴታ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ማሽን አዘጋጃለሁ፣ ደም ግፊት እለካለሁ፣ መርፌ አስገባለሁ፤ ግፊቱ ሲወርድ ታካሚው ሳይናገር ፊቱ ላይ አየዋለሁ። እነዚያኑ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምታያቸው። የልጅ ልጃቸውን ስም ሳይቀር ታውቂያለሽ። ከቀትር በኋላ ቤቴ ነኝ፤ ልጆቼን ከትምህርት ቤት እወስዳለሁ፣ ማታ አንድ ክላስ ኦንላይን እወስዳለሁ።

የደሴ ልጅ፣ ስለ ኢንሹራንስሽ ደግሞ ይህን ጠይቂ። በሕጉ ትልልቅ ቀጣሪዎች ኢንሹራንስ ማቅረብ ያለባቸው በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ 40 የግድ አይደለም። ሰዓትሽን ወደ 30 ወይም 32 ዝቅ አድርገሽ ኢንሹራንስሽ ይቀጥል እንደሆነ ኤችአርን ጠይቂ፤ በጽሑፍ ይስጡሽ። የተረፈው ጊዜ ለታካሚ ሥራና ለክላስ ይሆናል።

የደሴ_ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ አባቴም አብሮኝ አነበበ።

ኤችአርን ጠየቅሁ፤ በ32 ሰዓት ኢንሹራንሱ ይቀጥላል አሉኝ፣ በኢሜይል። ስለዚህ ያሰብኩት እንዲህ ነው። የሚመጣውን ኤፕሪል እተወዋለሁ። ፋርማሲ 32 ሰዓት፤ ጃንዋሪ ላይ የጂኤንኤ ኮርስ፤ ከዚያ በሳምንት አንድ የ12 ሰዓት ሺፍት፣ ቅዳሜ ሌሊት። ከሚቀጥለው ፎል ጀምሮ በየሴሚስተሩ አንድ ሳይንስ፣ መጀመሪያ ባዮኬሚስትሪ። ሰመር ላይ ክላስ ስለሌለኝ በሳምንት ሁለት ሺፍት። በቅንነት ሳሰላው ማመልከቻው ሲከፈት ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ይኖረኛል። 2,000 የሚጠይቁትን ከዝርዝሬ አወጣለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ አልገባኝም። የፋርማሲውን ሰዓት ምን ላድርገው? ሪከመንዴሽንስ ከማን?

ፒኤ_ሁለተኛ_ዓመት

በእኔ በኩል ጥሩ ዕቅድ ነው። የፋርማሲውን ሰዓት በሁለተኛው ሳጥን ሙሉውን ጻፊው፤ ብዙ ሰው የሌለው ብዙ ሺህ ሰዓት ነው። አንድን ሰዓት ግን ሁለት ሳጥን ውስጥ አትጻፊ። መድኃኒት ታውቂያለሽ፣ የኢንሹራንስ ጣጣ ታውቂያለሽ፣ ገንዘብ ጎድሎበት ኪኒኑን ትቶ የሚሄድ ሰው ፊት ቆመሻል። እኛ ክላስ ውስጥ ፋርማኮሎጂ ሲጀመር ቴክኒሻን የነበሩት ነበሩ የሚያስረዱን።

ሪከመንዴሽን አንዱ ከሳይንስ መምህር፣ አንዱ ሥራ ላይ ከምታይሽ ነርስ፣ ከተገኘ አንዱ ከፒኤ ቢሆን። መምህሩን ባዮኬሚስትሪውን ስትወስጂ ከጅምሩ ቢሮው እየገባሽ ራስሽን አሳውቂው።

ድንገተኛ_ክፍል

ፒኤውን እኔ ልሁን። ሆስፒታላችን የሻዶው (ባለሙያን እየተከተሉ ሥራውን የማየት) ፎርም አለው፤ የክትባት ማስረጃና የቲቢ ምርመራ ይፈልጋሉ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ እነግርሻለሁ። ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ደጋግሜ ላይሽ ይገባል፤ አንድ ቀን አይበቃም።

ሌላው፣ ማመልከቻውን በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለማስገባት ተዘጋጂ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ወረቀት በደረሳቸው ቅደም ተከተል ነው የሚያዩትና ኢንተርቪው የሚጠሩት። ካስገባሽ በኋላ አዲስ የሥራ ልምድ መጨመር ይቻላል፤ ያለውን ግን ማስተካከል አይቻልም፤ ስለዚህ የሥራ ዝርዝርሽን ሌላ ሰው ሳያነበው አትላኪ። «ታካሚዎችን ረዳሁ» ብለሽ አትጻፊ። ምን ለካሽ፣ ምን አየሽ፣ ለማን ነገርሽ፣ እሱን ጻፊ።

የማታ_ሺፍት

የጂኤንኤ ኮርሱን ከኪስሽ ከመክፈልሽ በፊት ነርሲንግ ሆሞቹን ዙሪያቸውን ጠይቂ። በፌደራል ደንብ ነርሲንግ ሆሙ የቀጠረውን ወይም የቅጥር ደብዳቤ የሰጠውን ሰው ለሥልጠናው ማስከፈል አይችልም። ራስሽ ከፍለሽ ተምረሽ ከጨረስሽ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከተቀጠርሽም ወጪው የሚመለስበት አሠራር አለ። የኮርሱንም የፈተናውንም ደረሰኝ ያዢ፤ ስትቀጠሪ የመጀመሪያው ቀን ላይ ለኤችአር ስጪ። የእኛ ቤት ጃንዋሪ ላይ ሰው ይቀበላል፤ ቅዳሜ ሌሊት ሁልጊዜ ሰው ይጎድለናል።

የደሴ_ልጅ

ስልክ ቁጥራቸውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ሰኞ ከሥራ በፊት እደውላለሁ።